የኮርማ ሩጫ ሰሞን

ጀላልዲን ሥጋ ቆራጭ ነው። አሜሪካን አገር አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በላውንድሪና በስልክ መሸጫ መሃል የተሸጎጠች ሐላል ሥጋ ቤት አለችው። ከቤቱ ከስልቨር ስፕሪንግ እየተነሳ፣ ትራፊኩን እየረገመ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሲመላለስባት ሁለት ልጆች አሳድጎባታል። ኮርማ የሚያውቀው ተገፎ ተሰቅሎ ነው። እናም ልጁ ያሲር ከሥራው ቫኬሽን ወስዶ ስፔን አገር ለኮርማ ሩጫ በዓል እንደሚሄድ የነገረው ቀን፣ የያዘውን ቢላ አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ሰው ከኮርማ ይሸሻል እንጂ ቲኬት ቆርጦ ፊቱ ይሄዳል?"

"ለማየት ነው እንጂ ለመሮጥ አይደለም፣ አባ።"

"ለማየት ከሆነ እኔ ዘንድ ሞልቷል። የኔዎቹ ደግሞ አይሮጡም፤ ተረጋግተህ ታያቸዋለህ።"

ያሲር ሳቀ። ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውል ዝምተኛ ልጅ ነው። ኤሊ የሚባል የኮሌጅ ጓደኛ አለው። የኤሊ እናት ቫልሶላ ከምትባል ትንሽ የስፔን ከተማ የመጣች ናት፤ ከተማዋ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለሳምንት ያህል ሥራ ትፈታና ኮርማ በጎዳና ትለቃለች። ኤሊ "ዘንድሮም ከቀረህ ተቀያይመናል" ስላለው ነው ያሲር የተነሳው።

እናቱ ሐኪማ ግን ቀልዱ አላማራትም። ሻንጣውን እያስተካከለችለት፣ "ወላሂ አልሮጥም በል" አለችው።

"እማ፣ ከም ኦን!"

"ወላሂ በል።"

"እሺ፣ ወላሂ አልሮጥም።"

በነጀላልዲን ቤት ብዙ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ዞሯል፤ ልጆቹ ሲቆጡም ሲስቁም በእንግሊዝኛ ነው። ወላሂ ግን ከወሎ እንደመጣ አለ፤ የሚቀልድበት ሰው የለም። ሐኪማ ቃሉን ከሰማች በኋላ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋችና ልቧ ዐረፈ።

ሐኪማ ሥራ ከተወች ዓመት አልፏት ነበር። ያስተዋት ደም ብዛት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ደሴ ያለች ታላቅ እህቷ ያረፈች ጊዜ አንዲት የአጎቷ ልጅ ግራ ቀኙን ሳታይ ኮል አድርጋ "እህትሽ ሞተች" አለቻት። ሐኪማ ከሆቴል ሥራዋ ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ነበረች። እዚያው ወደቀች። ሰው ተረባርቦ ሆስፒታል አደረሳት፤ ተረፈች፤ ግራ እጇ ግን ዛሬም ቁልፍ መቆለፍ እንቢ ይላታል። ከዚያ ወዲህ ጀላልዲን ሕግ አወጣ። ክፉ ወሬ ሐኪማ ጆሮ የሚደርሰው በእሱ በኩል፣ በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው። ላንግሊ ፓርክ ያለውም፣ ግሪንቤልት ያለውም ዘመድ ሕጉን ተቀብሏል። ሐኪማን ራሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ቤት መዋል የጀመረች ሴት ዓለሟ ስልኳ ነው። ያሲር ቫልሶላ ገብቶ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር፣ ሐኪማም አብራው ቫልሶላ ገባች ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ አደባባዩን ሞላው። ከንቲባዋ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ላይ ርችት ተኮሰች። ርችቱ እስኪተኮስ ድረስ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ያሰረ ነውረኛ ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ነውረኛው ያላሰረው ነው። አሮጊቶቹ ከየሰገነቱ በባልዲ ውሃ ይደፋሉ፤ ከታች ያለው ጎረምሳ "ጨምሩ!" እያለ ይለምናል። ጎዳናው ግራና ቀኙን በወፍራም ሳንቃ ታጥሯል። እያንዳንዱን ሳንቃ የሚተክል የታወቀ ቤተሰብ አለ፤ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሳንቃ የነካ ሰው ጠብ ፈልጎ እንደመጣ ይቆጠራል። ሲመሽ እዚያው ጎዳና ላይ ጫፉ የማይታይ ጠረጴዛ ይዘረጋል። የሚያበስሉት ወንዶች ናቸው። ሐኪማ ይህን ያየች ቀን ስልኩን ይዛ ወደ ባሏ ሮጠች።

"እየው፣ ስንት ወንድ ነው ሽንኩርት የሚከትፈው! አንተ በሬ ሙሉ ከትፈህ ትመጣለህ፣ ቤትህ ስትገባ ሽንኩርት ያስለቅስሃል።"

የበዓሉ ምግብ የኮርማ ጭራ ወጥ ነው። ሐላል ስላልሆነ ያሲር አልነካውም። የኤሊ አያት ነገሩ ሲገባት ማታ ማታ ዓሣና ድንች ትጠብስለት ጀመር። አንድ ቀን ያሲር እሷንና እናቱን በቪዲዮ አገናኛቸው። አሮጊቷ በስፓኒሽ፣ ሐኪማ በአማርኛ ረጅም ወግ ያዙ። ሁለቱም ጉንጫቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ሲያሳዩ ነበርና ልጁ ከስቷል በሚለው የተስማሙ ይመስላል።

ኮርማዎቹ የሚለቀቁት እዚያ ሲመሻሽ ነው፤ እዚህ ቀትር ነው። ወንዙ ዳር በረት አለ። ርችት ይተኮሳል፣ በረቱ ይከፈታል፣ ስድስት ኮርማ ድንጋዩን እያንቀጨቀጨ ወደ አደባባዩ ሽቅብ ይነሳል፤ ከፊቱ ደግሞ ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል። ያሲር ከኤሊ አያት ሰገነት ላይ ሆኖ ይቀርጻል። ጀላልዲን፣ መጀመሪያ ሲያላግጥ የነበረው ሰውዬ፣ በሦስተኛው ቀን ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስደግፎ ቁርጥ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ያሳይ ጀመር። "ልጄ ነው የቀረጸው። ያንን ጥቁሩን ልብ በል፤ የትከሻውን ስፋት እየው!" ይላል። ደንበኛው ሥጋው እስኪመዘንለት ሳይወድ በግዱ ያያል።

እሁድ ዕለት ያሲር ደወለ። ሥጋ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ጀላልዲን ስፒከር ላይ አድርጎት፣ "አንተ እንግዲህ ከአሮጊቶቹ ጋር ሰገነት ላይ ነህ? ባልዲውንስ ሰጡህ?" አለው። ሥጋ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያሲር ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቀና፣ "ተራዬን እየጠበቅኩ ነው" ብሎ ራሱም ሳቀ። ጀላልዲን በቀልዱ ተደስቶ ዋለ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሴት ልጁ ሰጂዳ ሥጋ ቤቱ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የሥጋ ሽታ ስለማትወድ በሩን ረግጣ አታውቅም። ጀላልዲን ገና ከመኪናዋ ስትወርድ በመስኮት አይቷት ሚዛኑን ትቶ ወደ በሩ ወጣ።

"ያሲር ሮጧል" አለችው በእንግሊዝኛ። "ኮርማው ወግቶታል፣ አባ። ሆዱን ነው። ኤሊ ኮል አደረገኝ። አሁን ሰርጀሪ ላይ ነው።"

ጀላልዲን የመጣለትን የመጀመሪያ ነገር ጠየቀ። "አልሮጥም ብሎ አልነበር እንዴ?"

ሰጂዳ ኤሊ እያለቀሰ የነገራትን ነገረችው። ቫልሶላ ውስጥ ተመልካች ሻርፑን ራሱ ያስራል። የሚሮጥ ሰው ግን የሚያስርለት እናቱ ናት፤ እናቱ ያላሰረችለት ሯጭ ሳንቃውን አያልፍም። ያሲር ማክሰኞ ጧት ሻርፑን ይዞ የኤሊ አያት ዘንድ ሄደ። አሮጊቷ በኤሊ አስተርጓሚነት "እናትህ ፈቅዳለች?" ብላ ጠየቀችው። "ፈቅዳለች" አላት። በእናቱ ቦታ ሆና አሰረችለት። ሲሮጥ ደህና ሮጦ ነበር፤ አደባባዩ መግቢያ ላይ ከፊቱ ሰው ወደቀ፣ እሱም በወደቀው ላይ ወደቀ፣ ኋላ የቀረው ኮርማ ሲደርስ ገና እየተነሳ ነበር።

ጀላልዲን ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ሁለት ሰው ጠራ። አንደኛው ዓባይነህ ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ ክርስቲያን፣ ከደሴ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛው። ሌላው ሐጂ ሱሃይብ ናቸው፤ ለወሎ ሰው ሁሉ መርዶ የሚያረዱት፣ ጋብቻ የሚያስማሙት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት ሽማግሌ። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሣጥን ላይ ሣጥን ደርበው ተቀመጡ።

"ልጁ በሕይወት አለ?" አሉ ሐጂ።

"አለ። ከሰርጀሪ ወጥቷል ብለውናል።"

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲያማ ለእናቱ የሚነገር ነገር የለም። ሲድን ራሱ ጠባሳውን እያሳየ ይነግራታል፤ አብረው ይስቁበታል።"

"ካልዳነስ፣ ሐጂ?" አለች ሰጂዳ።

"አላህ አይበለው እንጂ፣ ያኔ በወጉ ትረዳለች። እኔ አለሁ።"

ሰጂዳ አማርኛው ቢያጥራት ወደ እንግሊዝኛ ገባች። በመሃል ያለውስ ጊዜ፣ አለች። ወንድሜ ተኝቶ እናቱን የሚፈልግበት ጊዜስ? እናቴስ ልጇ መቁሰሉን የማወቅ መብት የላትም?

ሐጂ ወደ ጀላልዲን ዞሩ። "ምን አለች?"

"ደንግጣ ነው" አለ ጀላልዲን።

ዓባይነህ የልጅቷን ትከሻ መታ መታ አደረገ። "የኔ ልጅ፣ እኔ ወንድሜ መሞቱን የነገሩኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ይኸው አለሁ፣ ምን ሆንኩ?" ሰጂዳ ቀና ብላ አየችውና ወጣች። ለእናቷ ግን አልነገረችም። የአውቶቡሱን ቀን ታስታውሳለች፤ ሆስፒታል ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች፤ እናቴን የገደልኩ እኔ ብሆንስ የሚለው ፍርሃት አፏን ዘጋው።

ያን ዕለት ማታ ጀላልዲን የሐኪማን ስልክ ወሰደ። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ነበርና፣ "ፎልስ ቸርች ስልክ የሚሠራ አንድ የማውቀው ልጅ አለ፤ ላሠራልሽ" አላት። ሐኪማ ደስ አላት። "ቀስ ብሎ ይሥራው፣ ፎቶዎቼን እንዳያጠፋብኝ" ብላ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችው። ጀላልዲን መኪናው ኪስ ውስጥ ከተተው።

"የያሲርን ቪዲዮ ግን በምን ላየው ነው?" አለች።

"በኔ ታያለሽ።"

ይህን ሲል አስቦበት አልነበረም። በኋላ ስልኩን ሲያገላብጥ ግን ያሲር ለእሱ ብቻ የላካቸው፣ ለሐኪማ ያላሳያቸው ቪዲዮዎች ተጠራቅመው አገኘ። የቅዳሜው አለ፣ የእሁዱ አለ፣ የሰኞው አለ። ሁሉም ሰው ነጭ ለባሽ፣ ሁሉም ሰው ቀይ ሻርፕ ነው፤ እሁድን ከረቡዕ የሚለይ ዓይን የለም። ረቡዕ ማታ አንዱን ከፈተላት።

የሕፃናቱ ሩጫ ነበር። አንድ ሰውዬ ቀንድ የተተከለበት የቅርጫት ኮርማ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ በከተማው ሕፃናት መሃል ይሯሯጣል፤ ድክ ድክ የሚሉት ሳይቀሩ ሻርፓቸውን አስረው ይሸሻሉ፤ አንዷ ትንሽ ልጅ ከመሸሽ ይልቅ ቆማ ኮርማውን በጥፊ መታችው። ሐኪማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። መልሳ አየችው፣ ደግማ ሳቀች።

"ይሄ እንኳን ለያሲር ይሆናል" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ከዚህኛው ይሩጥ፤ ፈቅጃለሁ በለው።"

ጀላልዲን "እነግረዋለሁ" ብሎ ተነሳና መታጠቢያ ቤት ገባ። ቧንቧውን ከፍቶ ቆመ። ያን ዕለት ቀን ያሲር ነቅቶ አናግሮት ነበር። ድምፁ ደክሟል እንጂ ራሱ ነው። "እማስ?" ነበር ያለው መጀመሪያ። ጀላልዲን "ተኝታለች" አለው። "በቀን?" አለ ያሲር። "መድኃኒቱ ነው" አለ ጀላልዲን። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለሁለት ሰው እየዋሸ ነው፤ ለዚያኛው ይቺን፣ ለዚህችኛዋ ያንን፤ እሱ ግን ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለሐኪማ ነፍስ ብሎ እንደሆነ ራሱን አሳምኗል። ደግሞ ልጁ እየተሻለው ነው። ዓባይነህ ለዓርብ ማታ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦለታል፤ ጀላልዲንም ሐኪማን ቴክሳስ የሥጋ ነጋዴዎች ስብሰባ አለብኝ ብሏታል። ሄዶ አስታሞ፣ ልጁን ይዞ ሊመለስና በሩ ላይ ሊያቆምላት ነበር ሐሳቡ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ጀላልዲን ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ቤት ነበር። ኤሊ መሆኑን ሲያይ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰጂዳ ተከትላው ገባች። ሐኪማ ኩሽና ናት፤ የመጥበሻው ድምፅ ይሰማል።

ኤሊ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰሰው ነው፤ ሐኪሞቹ አሁኑኑ እንደገና ይከፍቱታል። ከዚያ ስልኩን ወደ ያሲር አዞረው። ጀላልዲን የልጁን ፊት አየ። ዕድሜ ልኩን የደም መልክ ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ደም የሌለበት ፊት ሲያይ ወዲያው ዐወቀው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አባ፣ ሊያስገቡኝ ነው። እማን አገናኘኝ።"

"ስትወጣ ታገኛታለህ።"

"አሁን ነው የምፈልጋት። ወላሂ ብያት ነው'ኮ የሮጥኩት። በሷም ስም ዋሽቻለሁ። አፉ ትበለኝ።"

በነሱ አገር ሰው ሐጅ ሲሄድ፣ ረጅም መንገድ ሲወጣ፣ ሲታመም፣ የበደለውን ሰው ፈልጎ "አፉ በለኝ" ይላል። የተበደለው "አፉ ብዬሃለሁ" ካለ ነገሩ ምድር ላይ ያልቃል፤ ካላለ አላህ ፊት ይጠብቃል። ይህን ቃል የሚለው የተበደለው ሰው ብቻ ነው፤ አባት ለልጅ፣ ባል ለሚስት ተክቶ አይለውም። ያሲር ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ የእህቱን መጫወቻ የሰበረ ጊዜ እጁን ይዞ "ሂድ፣ ለራሷ ንገራት" ብሎ ያስተማረው ጀላልዲን ነው።

"አባ፣ በናትህ።"

ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ ሐኪማ ተጣራች። "ጀላል! ከማን ጋር ነው ይሄን ሁሉ የምታወራው? ምሳው በረደ'ኮ!"

የያሲር ፊት ተለወጠ። "እሷ ናት? የሷ ድምፅ ነው አይደል?" አለና አንገቱን ከትራሱ ሊያነሳ ሞከረ። "እማ!" አለ።

የጀላልዲን አውራ ጣት የስልኩን ድምፅ ቀነሰችው። ሲያደርገው ሰጂዳ አየችው። በእጇ የበሩን እጀታ ያዘች፤ አባቷ በዓይኑ ለመናት። ልመናው ውስጥ ሁሉም ነገር ነበረበት፤ አውቶቡሱ ነበረበት፣ የሐኪማ ግራ እጅ ነበረበት፣ ሐጂ ሱሃይብ ነበሩበት። ከሁሉ በታች ደግሞ ቤት ውስጥ ለማንም ያልነገረው የእሁዱ የባልዲ ቀልድ ነበረበት። በሩ ከተከፈተ ልጁ ለምን እንደሮጠ ይጠየቃል። ጀላልዲን የፈራው ለሐኪማ ብቻ አልነበረም። ለራሱም ፈርቷል።

ሰጂዳ እጀታውን ለቀቀች።

"ልጄ፣ አብሽር" አለ ጀላልዲን በሹክሹክታ። "እኔ እነግራታለሁ። በሷ ስም አፉ ብዬሃለሁ። ሰምተሃል? በእናትህ ስም አፉ ብዬሃለሁ።"

ያሲር፣ "ወላሂ ያልኩት ለሷ ነው'ኮ፣ አባ" አለ። ከዚያ አረንጓዴ የለበሰች ሴት መጣችና አልጋውን መግፋት ጀመረች፤ ስልኩ የሆስፒታሉን ጣራ ሲያሳይ ቆይቶ ተዘጋ።

ጀላልዲን ወጥቶ ምሳ ቀረበ። "ማን ነበር?" አለች ሐኪማ። "የሥጋ አምጪው ሰውዬ ነው" አላት። ቀይ ወጡን በላ። ደግሞ ስትጨምርለትም በላ፤ እንቢ ካለ ትጠይቀዋለች ብሎ። ሰጂዳ ራሴን አሞኛል ብላ ከክፍሏ አልወጣችም።

ያሲር ከሁለተኛው ሰርጀሪ አልወጣም። ኤሊ ሲደውል ጀላልዲን የከሰዓቱን የአስር ሰላት ሰግዶ መስጊዱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ። ደጋግሞ አለው። ማልቀስ ፈልጎ እንባው እንቢ አለ፤ ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ መታየት ስለሌለበት ይሆናል። ለሐጂ ደወለ። ሐጂ አለቀሱና ወዲያው ወደ ሥራቸው ገቡ። "ነገ ፈጅር ሰግደን እንመጣለን። እስከዚያ ቻለው" አሉት። ቻለው። ማታ ሐኪማ ቪዲዮ ስትጠይቀው የሰኞውን ሰጣት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ መጡ። ሐጂ ሱሃይብ፣ ዓባይነህ፣ ላንግሊ ፓርክ ያለችው የሐኪማ ዘመድ ሲሐም፣ ሌሎችም ሴቶች። በወጉ ተሰናድተዋል። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከግራና ከቀኝ እንዲይዟት ተመድበዋል፤ አንዷ ውሃ ይዛለች፤ አንዷ የደም ግፊት መለኪያ ይዛለች፤ ዓባይነህ አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩን እጁ ላይ አዘጋጅቷል። ሐኪማ የሰላት ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች። ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየች። በዚህ ሰዓት እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማታውቅ ሴት አይደለችም።

"እኛ ቤት ነው?" አለች።

"ግቢ፣ ተቀመጪ ልጄ" አሉ ሐጂ።

"ማን ነው?"

"ሐኪማ፣ ሁላችንም የአላህ ነን…"

"ያሲር ነው?"

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ሁለቱ ሴቶች ክንዷን አፈፍ አደረጉ። ሐኪማ ግን አልወደቀችም። ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሴቶቹ የሚይዙት ነገር ስላጡ ቀስ ብለው ለቀቋት፤ ውሃውንም የሚቀበል አልተገኘ። ኮርማ መሆኑን፣ ማክሰኞ መሆኑን፣ ሰርጀሪ መደረጉን ሐጂ በዝግታ ነገሯት። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ አንድም ቃል ሳታሳልፍ ሰማች። ማንም ያልጠበቀውን ጥንካሬዋን ጀላልዲን ከበሩ አጠገብ ቆሞ አየ።

"ልጅ ነው፤ ቃሉን አፍርሶብሻል" አሉ ሐጂ። "አፉ በዪው፤ ቀብሩ ይስፋለት።"

"አፉ ብዬዋለሁ" አለች ሳትውል ሳታድር። "ልጄን አፉ ብዬዋለሁ። ምነው በሕይወት ሳለ ሰምቶኝ ቢሆን።"

ጀላልዲን ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። የሚያጽናናበት ነገር በእጁ ያለ መሰለው፤ ሰዎቹን አልፎ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

"አይቆጭሽ፣ ሐኪማ። ሳይጠይቅ አልሄደም። ከሰርጀሪው በፊት እማ አፉ ትበለኝ ብሏል። እኔም በስምሽ አፉ ብዬዋለሁ። ሰምቷል፤ ሰምቶ ነው የሄደው።"

ሐኪማ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

"መቼ ነው የጠየቀው?"

"ትናንት።"

"ትናንት መቼ?"

"ምሳ ሰዓት።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

የመለሰችው ጥጉን ተደግፋ የቆመችው ሰጂዳ ናት። በአማርኛ ነው የመለሰችው።

"ኩሽና ነበርሽ፣ እማ። ስትጣሪ ድምፅሽን ሰምቷል። እማ ብሎሻል።"

ሐኪማ የተንሸራተተ ሻሿን ለማስተካከል ግራ እጇን አነሳች፤ እጇ እንቢ ሲላት በቀኟ አስተካከለችው። ጀላልዲን ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ በመጨረሻ ማልቀስ ጀመረ።

"አፉ በዪኝ" አላት። "ለነፍስሽ ብዬ ነው። አፉ በዪኝ፣ ሐኪማ።"

"በዪው ልጄ" አሉ ሐጂ። "በዪው፣ በዪው" አሉ ሴቶቹ። ዓባይነህም "ተይ በዪው" አለ።

ሐኪማ ጉልበቷን ከግንባሩ ሥር ሳበችና ተነሳች።

"በስሜ አፉ ማለት ታውቅበት የለም?" አለችው። "ለራስህም አንተው በለው።"